መኪናው ለምን ዝም አይልም?

የስፖርት መኪና የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምርመራውና ጥገናው

የስፖርት መኪና ያለው ቤተሰብ ከመኪናው ሁለት ነገር ይፈልጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሰፊ መንገድ ላይ ሲወጣ ሞተሩ እንዲያገሳለት፣ ሰኞ ማለዳ ደግሞ ሕፃኑን ሳይቀሰቅስ፣ ጎረቤት ሳያስቀይም ከግቢ እንዲወጣለት። እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች የምታስታርቅ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። በጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ብዙም የማትበልጥ ክብ የብረት ክዳን ናት። ክዳኗ ስትዘጋ ጭሱ በማርሚታው ሆድ ውስጥ ረጅሙን መንገድ ዞሮ፣ ድምፁ ተውጦ ይወጣል። ስትከፈት አቋራጩን ይዞ በቀጥታ ይወጣል፤ መኪናውም ያገሳል።

ችግር የሚመጣው ይህች ክዳን አልታዘዝም ስትል ነው። መኪናው ቀንም ሌትም ይጮሃል፣ ወይም ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም በግራ በኩል ሌላ፣ በቀኝ በኩል ሌላ ድምፅ ያወጣል። ባለቤቱ ጋራዥ ሲሄድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው መልስ አጭር ነው፤ «ማርሚታው ይቀየር።» የስፖርት መኪና ማርሚታ ጥንዱ አዲስ ሲገዛ በቀላሉ ከሺህ ዶላር ያልፋል። ብልሽቱ ግን ማርሚታው ጋ ሳይደርስ፣ ጥቂት ዶላር በምታወጣ የጎማ ቱቦ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ደግነቱ ይህ መሣሪያ በሽታውን አይደብቅም። አሠራሩን ለተረዳ ሰው ድምፁ ራሱ ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁመዋል። ይህ ጽሑፍ መኪና ለሚያፈቅሩም፣ መኪና ከሚያፈቅር ሰው ጋር ለሚኖሩም የቀረበ ነው።

ክዳኗ ለምን ተፈለገች?

አንድ ሞተር ጉልበት እንዲኖረው አየር መሳቡ ብቻ አይበቃውም፤ የተቃጠለውንም ጭስ ያለ ችግር ማስወጣት አለበት። ማርሚታ ድምፅ ለመዋጥ ሲል የጭሱን መንገድ ያጠማዝዘዋል፤ ለዚያም ትንሽ ጉልበት ይከፈላል።

ለምሳሌ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ የሚሠራውን ሼቭሮሌት ኮርቬትን እንውሰድ። የስድስተኛው ትውልድ ኮርቬት እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል 6.2 ሊትር ሞተር ነበረው። በተራው ማርሚታ 430 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በትርፍ ክፍያ ቫልቭ ያለው ማርሚታ ሲገጠምለት ደግሞ 436 ይሰጥ ነበር። ሞተሩ ያው ነው፤ ስድስቱ ፈረሶች የመጡት ጭሱ በቀላሉ በመውጣቱ ነው።

ሌላው ምክንያት ሕግ ነው። በአውሮፓ አንድ አዲስ ሞዴል ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየፈጠነ ከመንገዱ መሐል 7.5 ሜትር ርቀው በተተከሉ ማይክሮፎኖች መካከል ያልፋል፤ ድምፁም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለተራ የቤት መኪና የሚፈቀደው ድምፅ በሦስት ደረጃ ከ72 ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 68 ዴሲቤል እንዲወርድ ያዛል። ኃይለኛ ለሆኑት መኪኖች ጥቂት ዴሲቤል ይጨመርላቸዋል። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ቢመስሉም በዴሲቤል ስሌት 10 ሲጨመር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል የጮኸ ይመስላል። እናም ፋብሪካዎቹ መኪናው ከተማ ውስጥ እንደ ጨዋ እንዲናገር፣ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ እንዲዘፍን ክዳኗን አመጡ።

አሠራሩ

የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በአየር ማስገቢያው ውስጥ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል። መካኒኮች ቫኪዩም ይሉታል። ለስላሳ በስትሮ ሲጠጡ አፍዎ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል ማለት ነው። ብዙ የስፖርት መኪኖች፣ ያ ኮርቬትም ጭምር፣ ክዳኗን የሚያዝዙት በዚህ ኃይል ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቫኪዩሙ ከሞተሩ ተነሥቶ በቀጭን ቱቦ ይጓዛል። መንገድ ላይ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ፤ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ቫኪዩሙ የሚጠራቀምበት ትንሽ የፕላስቲክ ጋን ይኖራል። ቀጥሎ ሶሌኖይድ የሚባለው፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር መተላለፊያ ይመጣል። ከዚያ ቱቦው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ግራው፣ አንዱ ወደ ቀኙ ማርሚታ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ማርሚታ ላይ የተሠራች ክብ ጣሳ መሰል ነገር አለች፤ አንቀሳቃሿ እንበላት። በውስጧ የጎማ ሽፋን ተወጥሯል፤ ቫኪዩም ሲደርሰው ሽፋኑ ይሳባል፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ዘንግም ክዳኗን ይዘጋታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ የምርመራው ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ክዳኗን የሚዘጋት ቫኪዩሙ ነው፤ የሚከፍታት ደግሞ ስፕሪንግ። ኮረንቲ ቢቋረጥ፣ ቱቦ ቢቀደድ፣ ጎማው ሽፋን ቢሸነቆር ስፕሪንጉ ክዳኗን ይከፍታታል። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ተከፍታ የቀረች ክዳን ጎረቤት ታስቀይም እንደሆነ እንጂ ሞተሩን አታፍነውም። በአጭሩ፣ መሣሪያው ሲበላሽ እንዲጮህ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

*ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነ።* ቫኪዩሙ ክዳኖቹ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም ማርሚታዎች በአንድ ጊዜ ከጮኹ፣ ሁለት አንቀሳቃሾች በአንድ ቀን ይሞታሉ ተብሎ አይገመትም። ጥርጣሬው የሚያርፈው ሁለቱ በጋራ በሚጠቀሙበት ነገር ላይ ነው፤ ፊውዙ፣ ሶሌኖይዱ፣ ጋኑ፣ ወይም ቱቦው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ያለው መስመር።

*በአንድ በኩል ብቻ የሚጮህ ከሆነ።* የጋራው ክፍል ደኅና ነው። ብልሽቱ ቱቦው ከተከፈለ በኋላ ባለው በዚያው ጎን ይገኛል፤ የተቀደደ ቱቦ፣ የተሸነቆረ አንቀሳቃሽ፣ የወለቀ ዘንግ ወይም ተከፍታ የነከሰች ክዳን።

*ጭራሽ የማያገሳ ከሆነ።* ክዳኗ ተዘግታ ቀርታለች። ዝገትና ጥላሸት ማሽከርከሪያዋን ነክሶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሶሌኖይዱ ቫኪዩሙን አልለቅም ብሏል። ቤት ውስጥ ማንም ቅሬታ ስለማያቀርብበት ይህ ብልሽት ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ባለቤቱ የሚያውቀው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ጉልበት ሲያጥረው ነው።

*እንደ ቆርቆሮ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ።* መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይሰማና ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል። የክዳኗ ማሽከርከሪያ ተበልቶ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ነው። ማርሚታውን ከመወንጀልዎ በፊት ግን በዙሪያው ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ብሎኑ እንዳልላላ ይዩ።

*ጠዋት ሲነሣ ብቻ የሚጮህ ከሆነ።* ጥቂት ሰከንዶች ጮኾ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። መኪናው ሲያድር የተጠራቀመው ቫኪዩም ያልቃል፣ ክዳኗም ትከፈታለች፤ ሞተሩ እንደተነሣ መልሶ ይዘጋታል። በየሳምንቱ የዝምታው ጊዜ እየራቀ ከሄደ ግን የሆነ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ አለ።

*ከፊት በኩል «ጠቅ ጠቅ» የሚል ከሆነ።* ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፊት የሚሰማ ተከታታይ ጠቅታ የዚህች ክዳን ሥራ አይደለም። ጭስ ሞተሩ አጠገብ እያፈተለከ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። እሱን ቶሎ ያሳዩ፤ የሚያፈተልከው ጭስ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት።

ከመንካትዎ በፊት

የጭስ ማውጫ ቱቦ በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ መኪናው ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል። ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይቀዝቅዝ። ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አያስነሡ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መተውም አያድንም። ክሪክ መኪናን ለማንሣት እንጂ ይዞ ለማቆየት አይታመንም፤ ከሥር የሚገቡ ከሆነ መኪናው በጠንካራ የብረት ድጋፎች ላይ ይቀመጥ። ልጆች ማየት ከፈለጉ፣ መፈለጋቸውም አይቀርም፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቱቦው ቀዝቅዞ፣ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ሳለ በባትሪ መብራት ወደ ጭስ ማውጫው አፍ ያሳዩአቸው። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ክዳኗ ከዚያ ትታያለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በብዙ መኪኖች የፍሬን ፔዳልን የሚያቀልለው አጋዥም ቫኪዩም የሚያገኘው ከዚያው ሞተር ነው። የመኪናው ድምፅ በተለወጠበት ሰሞን የፍሬኑ ፔዳል ከጠነከረ ወይም ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከተንቀጠቀጠ ጉዳዩ የድምፅ ብቻ አይደለም። መኪናው አይነዳ፤ መካኒክ ይጠራ።

ምርመራው፦ ከቅርቡና ከርካሹ ይጀምሩ

*አንደኛ፣ ፊውዝ።* በተለይ መኪናው ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። የዚያ ኮርቬት ባለቤቶች ብዙዎቹ የቫልቩን ፊውዝ ነቅለው መኪናው ሁልጊዜ እንዲያገሳ የማድረግ ልማድ አላቸው። የቀድሞው ባለቤት ነቅሎት ረስቶት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ ይሸጣል፤ የዚያ መቆጣጠሪያ ባትሪ ማለቁ ብቻ «ብልሽት» ሊመስል ይችላል። የቀድሞውን ባለቤት መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም።

*ሁለተኛ፣ ቱቦ።* ኮፈኑን ከፍተው ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንም በእጅም ይከተሉ። የጎማ ቱቦ ከሙቀት ብዛት ይደርቃል፤ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ብረት ነክቶም ይቀልጣል። ጎንበስ ሲያደርጉት የሚሰነጠቅ ከሆነ ተገኘ። ሞተሩ ሲሠራ «ሽሽ» የሚል ድምፅ የሚሰማበት ቦታም ራሱን ያጋልጣል።

*ሦስተኛ፣ አንቀሳቃሿ።* ለዚህ መለኪያ ያለው በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የመኪና ዕቃ መደብሮች በርካሽ የሚሸጡት ነው። ቱቦውን ከአንቀሳቃሿ ነቅለው ፓምፑን ይሰኩና ይሳቡ። ሦስት ውጤት አለ። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ መርፌው ለአንድ ደቂቃ ባለበት ከቆመ አንቀሳቃሿ ደኅና ናት። መርፌው ወዲያው ከወረደ የውስጡ ጎማ ተሸንቁሯል። መርፌው ቆሞ ዘንጉ ግን ካልተነቃነቀ አንቀሳቃሿ ጤነኛ ናት፣ የነከሰችው ክዳኗ ናት ማለት ነው። ፓምፕ ለሌለው ሰው 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሪንጅና አንድ ቁራጭ ቱቦ ለመጀመሪያ ፍተሻ ይበቃሉ። ቱቦውን በአፍ መሳብ ግን አይገባም።

*አራተኛ፣ ሶሌኖይድ።* እስካሁን ሁሉም ደኅና ከሆነ ጥርጣሬው እዚህ ያርፋል። በቴስተር ሲለካ፣ ትእዛዝ በሚሰጥበት ጊዜ 12 ቮልት ገደማ ሊደርሰው ይገባል። ኮረንቲው ደርሶት «ጠቅ» ካላለ ሞቷል። ጠቅ እያለ ቫኪዩም ካላሳለፈ ውስጡ ተደፍኗል። አየር የሚለቅበት ትንሽ ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈን ደግሞ ክዳኗ ዘግይታ ትከፈታለች። መሰኪያውን ነቅለው እግሮቹ እንዳልዛጉ ማየትም አይርሱ።

*አምስተኛ፣ ኮምፒዩተር።* ወደ ኮምፒዩተር ምርመራ የሚኬደው ከላይ ያሉት ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው። ጥሩ የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ክዳኗን «ክፈት፣ ዝጋ» ብሎ በቀጥታ ማዘዝ ይችላል። በትእዛዙ ከሠራች ዕቃው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ትእዛዙ ነው።

ከፍታ ላይ ሲለካ

የቫኪዩም መለኪያ መጻሕፍት የሚጻፉት ለባሕር ወለል ነው። እዚያ ቆሞ የሚሠራ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታም ንባቡ በአንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ያው ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ ከሰባት እስከ ስምንት ኢንች ዝቅ ብሎ ይታያል። መጽሐፉን ብቻ ይዞ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይከፈት» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ይህን ሒሳብ ያስታውሱት።

ይህ ለስፖርት መኪና ብቻ አይደለም። የፍሬን አጋዥ ያለው ማንኛውም የቤንዚን መኪና ሲመረመር ይኸው ሒሳብ ይሠራል። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሏ፣ በእጅ ያለውን መኪና በወጉ መርምሮ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥገናው

ቱቦ ከሆነ ቀላል ነው። በፕላስተር መጠቅለል ለጊዜው እንኳ አያዛልቅም፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ መልሶ መሰካት ወይም ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈው ክፍል ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ቱቦ ቢተካ ይመረጣል። የውስጥ ስፋቱ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የሰፋ ቱቦ ያፈስሳል።

የተሸነቆረች አንቀሳቃሽ አትጠገንም፣ ትቀየራለች። ለአንዳንድ መኪኖች ለብቻዋ ትሸጣለች፤ ለሌሎቹ ፋብሪካው ከነማርሚታው ብቻ ነው የሚያቀርባት። ያኔም ቢሆን ተስፋ አይቁረጡ። መጠኗና የዘንጓ ርዝመት የሚመሳሰል አንቀሳቃሽ ካገለገለ ማርሚታ ላይ ፈልጎ የሚገጥም ሙያተኛ አይጠፋም።

የነከሰች ክዳን ትዕግሥት ትፈልጋለች። ቱቦው ቀዝቅዞ ሳለ ማሽከርከሪያዋ ሁለት ጫፍ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ይረጫል፤ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ዘንጉ ተላቅቆ ክንዷ በፒንሳ ቀስ እየተባለ ወዲያና ወዲህ ይነቃነቃል። መዶሻ አይነካትም። ስትለቅ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳና ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ደረቅ ማለስለሻ፣ ለምሳሌ የግራፋይት፣ ይደረግላታል። ተራ ዘይት ወይም ግሪስ መቀባት ስሕተት ነው፤ ተቃጥሎ ጥላሸት ይሆንና ከወር በኋላ መልሶ ይነክሳታል።

ዝገቱ ከየት ይመጣል? ከነዳጁ ከራሱ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወልዳል። ረጅም መንገድ ሲነዳ ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ጠርጎ ይወጣል። ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ ተነድቶ የሚቆም መኪና ግን ውኃውን በሆዱ ይዞ ያድራል። ስለዚህ የስፖርት መኪናን «እንዳያረጅ» ብሎ ማቆም ክዳኗን ያስረጃታል። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ክዳኗ እንድትከፈትና እንድትዘጋ አድርጎ መንዳት ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው።

በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ የስፖርት መኪኖች ቫኪዩሙን ትተው ክዳኗን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዝዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞዴል የመጣው ሰባተኛው ትውልድ ኮርቬት አንዱ ነው። ሹፌሩ የመንጃ ሁኔታውን ሲመርጥ ድምፁም አብሮ ይለወጣል። እነዚህ ሲበላሹ አብዛኛውን ጊዜ በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራሉ ወይም ኮምፒዩተሩ ውስጥ የብልሽት ቁጥር ይመዘግባሉ። ስለዚህ እዚህ ምርመራው ከኮምፒዩተሩ ይጀምራል።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ክዳኗን በእጅ በግድ አያዙሩ፤ በሞተሯ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይሰበራሉ። አዲስ ሞተር ሲገጠም ደግሞ በብዙዎቹ ላይ «ሙሉ በሙሉ መዘጋት እዚህ፣ መከፈት እዚህ» ብሎ በኮምፒዩተር ማስተማር ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ስንት ጤነኛ አዲስ ዕቃ «አይሠራም» ተብሎ ተመልሷል።

ጩኸቱ የማን ነው?

ፊውዝ ነቅሎ ማስጮህ ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን አለ። ከፋብሪካው ሲወጣ ፈቃድ ያገኘው ክዳኗ በወጉ እየሠራች ነውና፣ ነቅሎ መንዳት በብዙ አገር ሕግ መጣስ ነው። በካሊፎርኒያ ለቤት መኪና የተፈቀደው የጭስ ማውጫ ድምፅ ጣሪያ 95 ዴሲቤል ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ በመኪና ረብሻ ማሰማት 2,000 ድርሃምና 12 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቅጣት ማወቁ ይጠቅማቸዋል።

ከቅጣቱም በላይ የሰው እንቅልፍ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ሌሊት ላይ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል፤ ከዚያ በላይ የሆነው እንቅልፍን እንደሚጎዳ ገልጿል። የመኪናው ውስጥም አይቀርለትም። ክዳኖቹ ተከፍተው በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ ሲነዳ የሚፈጠረው የማያቋርጥ እምምታ መጀመሪያ የሚያደክመው የኋላ ወንበር ላይ ያሉትን ነው።

ጋራዥ ሲሄዱ

ራስዎ መፍታት የለብዎትም፤ ማወቁ ግን ያስከብርዎታል። «መኪናዬ ይጮሃል» ብቻ ብለው አይግቡ። «በሁለቱም በኩል ይጮሃል፣ ፊውዙ ደኅና ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ነው» ብሎ የሚናገር ደንበኛ ግማሹን ምርመራ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ማርሚታ ይቀየር ከተባሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ቱቦዎቹ ታዩ? አንቀሳቃሿ በፓምፕ ተፈተሸች፣ ቫኪዩሙንስ ያዘች? ክዳኗ ዘንጉ ተላቅቆ በእጅ ስትነካ ትዞራለች? ጥሩ መካኒክ በጥያቄው አይቆጣም፤ ወስዶ ያሳይዎታል። መመለስ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል።

የወጣውም አሮጌ ዕቃ ይመለስልዎት። የተሸነቆረ ጎማ፣ የዛገ ክዳን፣ የቀለጠ ቱቦ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የከፈሉበት ብልሽት እጅዎ ላይ ካልታየ፣ ሂሳቡን ከመዝጋትዎ በፊት ሞተሩን አስነሥተው አንድ ጊዜ ያዳምጡት።